ስቲም ዴክ ከ11 ወር በኋላ፦ የማወራው ስለ አንዲት በተን ነው

ትናንት ጳጉሜ 3 ነበር። ከሰዓት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ግቢ ወጥታ «የሩፋኤል ዝናብ እኮ ነው፣ ና ውጣ!» ትላለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ስቲም ዴኬ ላይ (በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ነው) ስታርዱ ቫሊ የሚባል የእርሻ ጌም ውስጥ ማዕድን ጉድጓድ ገብቼ ከጭራቅ ጋር ተናንቄያለሁ። ድሮ ቢሆን «ሁለት ደቂቃ ብቻ» እላለሁ፣ ሁለት ደቂቃዋ ግማሽ ሰዓት ትሆናለች፣ ስወጣ ዝናቡ አባርቶ የባለቤቴ ፊት ጠቁሮ ይጠብቀኛል። አሁን ግን ከላይ ያለችውን ፓወር በተን አንዴ ነካ አደረግኩ፣ ስክሪኑ ጠፋ፣ ወጣሁ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ዝናቡን ለመጠጣት ስትታገል ደረስኩባት። ማታ እሷ ተኝታ ስከፍተው ጭራቁም እዛው፣ ሰይፌም እንደተሰነዘረ ነበር።

ሪቪውዬ ይሄው ነው እንግዲህ፣ የቀረውን የምጽፈው ስለጀመርኩት ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ስታርዱ ሴቭ የሚያደርገው ገበሬህ አልጋው ላይ ሲተኛ ብቻ ነው፣ አንዱ ቀን ደግሞ 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 14 ደቂቃ ለላጤ ምንም አይደለችም። 36 ዓመት ለሞላው፣ የሁለት ዓመት ልጅ ላለችው፣ ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ሲያስታርቅ ለሚውል ሰው ግን 14 ደቂቃ ሳይቋረጥ ማግኘት ማለት ሎተሪ ነው። ላፕቶፕ ላይ ስጫወት ስንቱን ቀን ሳላስቀምጥ ዘግቼዋለሁ።

እጄ ከመግባቱ በፊት አንድ ሱቅ ገብቼ ሻጩን ስጠይቀው «ብሮ እሱ የልጅ ነገር ነው፣ ፒኤስ 5 ውሰድ፣ ግራፊክሱ ሌላ ነው» አለኝ፤ ከቲቪ ጋር የሚገጠመውን ፕሌይስቴሽን ማለቱ ነው። ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ቲቪው የማን ነው? ቲቪው የልጅቷ ነው እኮ! ፒኤስም ጌሙን ባለበት የሚያቆይ ሬስት ሞድ አለው ትለኝ ይሆናል፣ አውቃለሁ፣ መብራት ሲጠፋስ? ይሄኛው ባትሪ አለው፣ ሰፈሩ ጨልሞ ጎረቤት ሻማ ሲፈልግ እኔ ጎመኔን ውሃ አጠጣለሁ። ሻጩ «እሺ ዋጋውስ?» ቢለኝ ግን እዛ ላይ ዝም ነው የምለው፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ነው ገዝቶ ያመጣልኝ፣ ጌሙንም የሚገዛልኝ እሱ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ57 ብር የምናውቀው ዶላር ከ100 ሲያልፍ በራሴ ኪስ አልሞክረውም ነበር።

ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ክብደቱ 669 ግራም። ተኝተህ ስትጫወት እንቅልፍ ከወሰደህ ግንባርህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ደርሶብኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ አልቅሼበታለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የቅበላ እሁድ ለሳምንታት ስፈልገው የነበረውን፣ በጨዋታው ፀደይ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ዓሣ ያዝኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። በሩ ተንኳኳ፣ ቅበላ የሚበሉ እንግዶች መጡ፣ በተኗን ነካ አድርጌ ተነሳሁ። ማታ ደግሞ ሞቅ ብሎኝ ነው መሰለኝ «ሁዳዴን ጌም አልነካም» ብዬ በባለቤቴ ፊት ማልኩ። 55ቱን ቀን ጠበቅኩ፣ እውነት ጠበቅኩ። ፋሲካ ዶሮዬን በልቼ ስከፍተው ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ለካ እሱ ሲተኛም ሜሞሪውን በባትሪ ነው ይዞ የሚቆየው፣ ባትሪው ካለቀ ያልተቀመጠው ሁሉ ይሄዳል። ቻርጅ አድርጌ ስገባ ገበሬዬ ጠዋት ከአልጋው ተነሳ፣ ዓሣ የለም። ጾሜን በዓሣ ነው የፈታሁት ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ፣ ሳቁብኝ።

አሁን ዓመቱ ሊያልቅ ስለሆነ መስከረም ላይ የጻፍኩባትን ደብተር አወጣሁ። ሦስት ነገር ነው ያለው፦ ቴሲሴን መጨረስ፣ መሮጥ፣ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ በወር አንዴ መሄድ። ቴሲሱ ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው፣ አምናም ምዕራፍ ሦስት ላይ ነበር። ጫማው እንደ አዲስ ነው። እናቴ ጋ ሦስቴ ሄጃለሁ፣ አንዱ ደግሞ ለቅሶ ነው። ጌሙ የተገዛበት ስቲም ላይ ስታርዱ የተጫወትኩበት ሰዓት ስንት ይላል? 143። የሂሳብ ሰው ነኝና ለ8 አካፈልኩት፣ ወደ 18 የሥራ ቀን መጣ። ሰኔ 30 በጀት ስንዘጋ እንዲህ ያለ ቁጥር ባይ «ይሄ ምንድነው?» ብዬ ነበር የምመልሰው።

ይባስ ብሎ ጨዋታው ራሱ ዓመት ይዘጋል። ሦስተኛው ዓመት ሲገባ የሞተው አያትህ መንፈስ መጥቶ ኑሮህን ይገመግማል፣ ከፍተኛው 4 ሻማ ነው። እኔ 3 አገኘሁ፣ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አሳየኋት። እሷ ሻማውን ትታ የመንደሩ ሰው ስም ጎን የተደረደረውን ልብ እያየች «ይሄ ምንድነው?» አለች። ለሰው በሳምንት ሁለቴ ስጦታ ትሰጣለህ፣ የሚወደውን ከሰጠኸው ልቡ ይሞላል ብዬ አስረዳኋት፣ ለምሳሌ ይቺ ኤቭሊን የምትባል አሮጊት ቀይ ስርና ቸኮሌት ኬክ ትወዳለች። «እናትህስ ምን ትወዳለች?» አለችኝ። «ቡና» አልኳት ሳላስብ። ዝም ብላ አየችኝና «ሐኪም ቡና ከከለከላት ሁለት ዓመት ሆናት እኮ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እና ዛሬ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ «ካልፈለግከው ሽጥልኝ» ሲለኝ ትንሽ አሰብኩ፣ እውነት አሰብኩ። ከዛ ትናንት ዝናቡ ውስጥ የወጣሁት በምን ሆነና አልኩ። አልሸጥም። እሱም ቢገዛ አይቆጨውም፣ ብቻ ረጅም ጾም ሲመጣ ገበሬውን አስተኝቶ ያጥፋው። እኔ ለእንቁጣጣሽ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዴኩን ልያዝ አልያዝ አልወሰንኩም፣ ቡና ግን አልይዝም። ማታ ደውዬ «እማዬ ምን ላምጣልሽ?» ስላት «ልጅቷን ይዘህ ና እንጂ ምን እፈልጋለሁ» አለችኝ።