ባለ መብራቱ 3600 ራም ወይስ ተራው 3200? ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለሚገዛ ሰው

ሠርግ የሚቀርጸውም፣ በአውቶካድ የሚሠራውም፣ ጌም የሚጫወተውም ራም ሊጨምር ሲያስብ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «3600 ልግዛ ወይስ 3200 ይበቃኛል?» ቁጥሩ የራሙ ፍጥነት ነው። በስልክ ደጋግሜ ከምመልስ ጽፌው ልገላገል። ኮምፒውተራችሁ የሚቀበለው የራም ትውልድ ዲዲአር4 ከሆነ ተራውን 3200 ግዙ። መብራት የሌለውን፣ የብረት ሽፋን የሌለውን፣ ቺፑ ፊት ለፊት የሚታየውን።

ከዋጋው እንነሳ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጠዋት በስልክ የሰማችሁት ዋጋ ከሰዓት ላይቆያችሁ ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላውን ሳይሆን የአንዱን ጊጋ ዋጋ አስሉ። ለምሳሌ ተራው 16 ጊጋ 8,000 ብር ቢባል ጊጋው 500 ብር ነው፤ ባለ መብራቱ 11,000 ቢባል ጊጋው ወደ 690 ብር ይጠጋል። በዚያ 3,000 ብር ምን ተገኘ? ብዙዎቹ ርካሽ 3600ዎች ሲኤል 18 ናቸው፤ ሲኤል ማለት ራሙ ዳታውን ከማቀበሉ በፊት የሚጠብቀው ዙር ነው። 3600 በሲኤል 18 እና 3200 በሲኤል 16 የመጀመሪያውን ዳታ ለማቀበል የሚፈጅባቸው ጊዜ እኩል 10 ናኖ ሰከንድ ነው። ተራው 3200 ሲኤል 22 ስለሆነ 13.75 ይደርሳል፤ ይህን አልደብቅም፣ ጌም ላይ ትንሽ ይታወቃል። ለቪዲዮና ለቢሮ ሥራ ግን በዚያ ብር ጊጋ ጨምሩበት።

ደረሰኝስ? «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲሏችሁ የሚቀነሰው 15 በመቶው ቫት ነው። ለኪቦርድና ለማውስ እንደፈለጋችሁ። ለራም ግን ክፈሉት፤ የራም ችግር ሱቁ ውስጥ አይታይም፣ ሥራ ሲበዛበት ነው የሚወጣው። ያኔ ደግሞ ይዛችሁ የምትመለሱበት ሱቅ ያለበት አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱንና የሚባክነውን ቀን ዋጋው ላይ ደምሩት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 3600 ተብሎ የተሸጠ ራም እንደተሰካ 3600 አይሮጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከ2133፣ ከ2400 ወይም ከ2666 ነው። ቀሪው የሚመጣው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ዝግጁ የፍጥነት ቅንብር ስታበሩት ሲሆን ቮልቴጁም ከ1.2 ወደ 1.35 ይወጣል። ራም ፋብሪካው ዱላውን (የሚሰካውን ራም) ፈትኖ ይሆናል፤ የእናንተን ፕሮሰሰርና ቦርድ ግን አልፈተነም። የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች እንኳን በይፋ የሚደግፉት እስከ 3200 ድረስ ነው። ተራው 3200 ግን በ1.2 ቮልት፣ ቦርዱና ፕሮሰሰሩ ከቻሉ፣ ምንም ሳትነኩ በራሱ 3200 ላይ ይነሳል።

ከውጭ የመጣ ዩዝድ የዴል ወይም የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ላላችሁማ ክርክሩ እዚህ ያበቃል። አብዛኞቹ ባዮሳቸው ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባል ነገር የለም። ኮር አይ5 10400 በኤች410 ወይም በቢ460 ቦርድ ላይም ከ2666 አያልፍም። እዚያ ላይ ውዱ 3600 በ2133 ሲንቀራፈፍ ርካሹ በ2666 ሲሮጥ ልታዩ ትችላላችሁ።

የሚያስለቅሰው ጥገናው ነው። ኤክስኤምፒ የከበደው ኮምፒውተር «ራሜ ታሟል» አይልም። ቪዲዮው ሬንደር ሲያልቅ ሲል ይቆማል፣ ዚፕ ፋይል ተበላሽቷል ይላል፣ ብሮውዘሩ በራሱ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ብሉ ስክሪን ይመጣል። ጠጋኙ ጋ ሲወሰድ መልሱ ይታወቃል፦ ፎርማት። ሳምንት ቆይቶ ሌላ ፎርማት፣ ከዚያ «ሀርድ ዲስኩ ነው»። በየዙሩ ይከፈላል። ከፎርማት በፊት ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ሥሩበት፤ ጸጥ ካለ ጣታችሁን የምትቀስሩት ወደ ራሙ ፍጥነት ነው። ማረጋገጫው ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ጭኖ ሌሊቱን ማሳደር ነው፤ አንዲት ስህተት እንኳን ብዙ ናት። የዊንዶውስ የራሱ መፈተሻ ብዙውን ጊዜ ያሳልፋል፣ አትመኑት። ሁለት ዱላ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ መሰካቱንም እዩ፤ ብዙ ቦርዶች የሚፈልጉት እንደዚያ ነው። ባዮስ ማደስም ይረዳል፤ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ እንዳትሞክሩት፣ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሰዎች አንድ ቃል፦ ራም ሙቀት ሲጨምር ስህተቱም ይበዛል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተፈትኖ «ይሠራል» የተባለ 3600 ጣርማ በርን ተሻግሮ ቆላ ሲወርድ ቀትር ላይ ሊያስቸግር ይችላል። በገዛችሁበት ሳይሆን በምትሠሩበት ቦታ ፈትኑት።

ፎርጅዱን በተመለከተ የብረት ሽፋኑን የምጠላው ለዚህ ነው፤ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይደብቃል። ከአሮጌ ዱላ የተነቀለ ቺፕ መልሰው በይደውበት፣ የሚነበበውን መረጃ ጽፈውበት፣ በሚያብረቀርቅ ሽፋን አስውበው ይሸጡታል። ባዶውን ስትገዙ ቺፖቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሁለት ነጠላ ዱላ ገዝቶ ማጣመርም ሌላው ጣጣ ነው፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ቺፓቸው ይለያያል። ኮርሴር ላይ ተለጣፊው «ቨር» ብሎ የሚጽፈውን ቁጥር እዩ፤ በ4 ከጀመረ ሳምሰንግ፣ በ5 ከጀመረ ሃይኒክስ ነው። ዲዲአር3 ለምትፈልጉ ደግሞ «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባለው 8 ጊጋ ዋጋው አያታላችሁ፣ ኢንቴል ቦርድ ላይ አይነሳም።

ዲዲአር5 የምትገዙ ምርጫችሁ ጠባብ ነው፤ 6000፣ ሁለት ዱላ፣ አበቃ። «ዛሬ ሁለት፣ ሲመቸኝ ሌላ ሁለት» የሚለውን እርሱት፤ ራይዘን 7000 ላይ አራት ዱላ ሲሰካ ይፋዊው ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል። መጀመሪያ ሲነሳ ደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ቢቆይ ራሙን እየለመደ ነው፣ እንዳትነቅሉት።

3600ውን የምገዛበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ሻጩ ባልና ሚስቱን (ጥንዱን ዱላ) በአንድ ካርቶን፣ በደረሰኝ፣ በተራው 3200 ዋጋ ከሰጠኝ። ኤክስኤምፒውን አበራለሁ፣ ፍጥነቱን ብቻ በእጄ ወደ 3200 አወርዳለሁ፣ ሲኤሉንና ቮልቴጁን እንዳለ እተወዋለሁ።