ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት መምህርት ምስጋና፣ ለጎንደር ወላጆችም ጥቆማ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! በዓለ ሃምሳው ሳይወጣ ላመሰግናት የምፈልጋት ሰው አለች።

ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር በምንሳለምበት ደብር የሰንበት ትምህርት ቤቱን የሕፃናት ክፍል የምታስተምር እህት ናት። ስሟ እንዲነሣ ስለማትወድ አልጠቅሰውም። አምስትና ሰባት ዓመት የሆናቸውን ልጆቼን የፋሲካን ትርጉም ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

ትምህርቷ ሕፃኑ በዓይኑ ካየው ነገር ይነሣል። በሰሙነ ሕማማት ሴቷ ልጄ አያቷ ስላልሳመቻት «እምዬ ተቀይማኛለች» ብላ ከፍቷት ነበር። መምህርቷ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ እንደሰጠውና ያንን እያሰብን በዚያ ሳምንት እንደማንሳሳም ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ልጄ አያቷን ከሩቅ እጅ እየነሣች፣ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ምክንያቱን ታስረዳ ጀመር። ለጸሎተ ሐሙስም ሳፋና ውኃ አቅርባ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እግር እንዲያጥቡ አደረገች፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን የነገረቻቸው እዚያው እያጠቡ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለ ስቅለቱ ነው። እኛ ወላጆች ብዙ ጊዜ «ሕፃን አይገባውም» እንልና ዓርብን ዘልለን ዶሮውና አዲሱ ልብስ ላይ እንደርሳለን። አንዳንዱ ደግሞ ስለ ችንካሩና ስለ ደሙ አብዝቶ ያወራና ልጁን እንቅልፍ ይነሣዋል። እሷ አትደብቅም፣ አታስፈራራም። ሕማሙን በነገረቻቸው ቁጥር በሦስተኛው ቀን መነሣቱን ሳትነግራቸው ወደ ቤት አትሰዳቸውም። ወንዱ ልጄ «ከተነሣ ታዲያ ዓርብ ለምን እንሰግዳለን?» ሲላት «ስለ እኛ ብሎ የተቀበለውን እንዳንረሳ» አለችው። ለእኔም የበቃ መልስ ነው።

በዐቢይ ጾም ውስጥ ከወላጆች ጋር ሆና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስዳቸው ነበር። ልጆች እዚያ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ነው። እሷም እንዲጠግቡ ትታቸው ቆየች፤ ቀጥላ በግድግዳው ላይ ያለውን ስቅለትና ከበላዩ የተሣሉትን ሥላሴ አሳየቻቸው። ጎንደር ይህን የመሰለ ሥዕል እያለን ለልጆቻችን የምናሳየው ስንቶቻችን ነን?

ቀዳም ሥዑር ዕለት ቄጠማው ሲታደል ሁለቱም ልጆቼ በግንባራቸው አሰሩት። የኖኅ ርግብ ለምለም ይዛ የውኃውን መጉደል እንዳበሠረች፣ ቄጠማውም የሰላም ብሥራት መሆኑን ለጎረቤት ልጆች የነገሩት እነሱ ናቸው። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስንላቸው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለው ይመልሱልናል።

እህታችን፣ እግዚአብሔር የአገልግሎት ዘመንሽን ይባርክልን።

ልጆች ያላችሁ የአካባቢያችን ሰዎች፣ ትምህርቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ክፍያ የለውም። ደብተርና ባለቀለም እርሳስ ይዘው ይምጡ። የትኛው ደብር እንደሆነ በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ለሕማማት ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከአሁኑ ብታስጀምሯቸው ይሻላል፤ እሷ ከዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ከዘወረደ ጀምራ በየሳምንቱ ነው ደረጃ በደረጃ የምታደርሳቸው።