ፒዩር ድራይቭ ወይስ ብሌድ? ድሬ ላይ ሜዳ ቴኒስ ለምንጫወት

ጀመዓ፣ "የቱን ራኬት ልግዛ?" ለሚለኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ክሩ ሲበጠስ ማን ይወጥርልሃል? እኔ ድሬ ሆኜ የማስወጥረው አዲስ አበባ ነው፤ ያውም ሄጄ ሳይሆን ለሚሄድ ሰው አስይዤ፣ እስኪመለስ ሳምንት ሁለት ሳምንት አጥሩ ስር ቁጭ ብዬ የሰው ጨዋታ እያየሁ። ብሬን የበላው ራኬቱ ሳይሆን ክሩ ነው።

እየቀያየርኩ የተጫወትኩባቸው ባቦላት ፒዩር ድራይቭና ዊልሰን ብሌድ 98 ናቸው። ሁለቱም ግራፋይት ናቸው። ያለ ክር ፒዩር ድራይቭ 300 ግራም፣ ብሌድ 305 ግራም ይመዝናሉ፤ አምስቷን ግራም እጅህ አያውቃትም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የፒዩር ድራይቭ ፊት 100 ስኩዌር ኢንች ሲሆን ፍሬሙ ወፍራምና ደረቅ ያለ ነው፣ ኳሷን ነካ ስታደርጋት ትሄድልሃለች። ብሌድ 98 ነው፣ ቀጠን ብሎ ትንሽ ይለመጣል። ጉልበቱን አንተ ታመጣለህ፣ በምትኩ ኳሷ ያሰብክበት ታርፋለች።

ገና እየተማርክ ከሆነ ፒዩር ድራይቭ ይሻልሃል፣ አልከራከርም። ክርንህን የሚያምህ ከሆነ ግን ተወው፣ በተለይ ፖሊስተር ክር ልታስወጥርበት ካሰብክ። ደረቅ በደረቅ ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ክሩ። ፒዩር ድራይቭ 16 በ19 ነው፣ ማለትም 16 ክር በቁመት፣ 19 በወርድ። ብሌድ ግን በ16 በ19ም በ18 በ20ም ይሸጣል። ክሩ ራቅ ራቅ ሲል ኳሷን ነክሶ ያሽከረክራታል፣ ችግሩ ክሮቹ እየተንሸራተቱ እርስ በርስ ይፋተጉና ቶሎ ይበጠሳሉ። 18 በ20 ጠቅጠቅ ያለ ነው፣ ክሩ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ይቆያል። አዲስ አበባ ለሚልክ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም አቦ!

ሁለተኛው ነገር ሐረር ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። በዓለም አቀፉ የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የተለየ ኳስ አለ፣ ድሬ እንግዲህ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላለች ማለት ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ይበራል። መጀመሪያ ቀን ፒዩር ድራይቭ ይዤ ሐረር ወጥቼ ስጫወት ኳሱን ከአጥር ውጭ ስፈልግ ነው የዋልኩት። ክሩን በአንድ ኪሎ ማጥበቅ (የክር ውጥረት በኪሎ ነው የሚለካው) ይረዳል፣ ብሌድ ግን ከመጀመሪያውም እንደዚያ አያበርርም።

አሉሚኒየሙን ለልጆች ግዛ። አንገቱ ላይ ለብቻው የተሰካ ፕላስቲክ ካየህ እሱ ነው።

ያገለገለ ራኬት ከሆነ ሳትመዝን አትክፈል። በአቅራቢያህ ያለ ባለ ቅመም ሱቅ ዲጂታል ሚዛን አያጣም። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ከነክሩ 315 ወይም 320 ግራም አካባቢ ካልመጣ፣ ጽሑፉ ምንም ቢል ጠርጥር። ከላይ ጭንቅላቱን በጥፍርህ ዳስሰው፣ ስንጥቅ እዚያ ይደበቃል። እጀታው ከጠበበህ መጠቅለያ ደርበህ ታወፍረዋለህ፣ ከወፈረብህ ግን የምታደርገው ብዙ ነገር የለም።

አያያዙ ላይ ጠላታችን ፀሐይ ነው። አንዴ ከዚራ ሰፈር ምሳ ልበላ ገብቼ ራኬቱን መኪና ውስጥ ትቼው፣ ከሰዓት ስጫወት ክሩ ላልቶ እንደ መረብ ሆኖ ጠበቀኝ። ሙቀት ክር ያላላል፣ ፖሊስተር ደግሞ ባትጫወትበትም እየሞተ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ 1.30 ሚሊሜትር ናይለን ነው የማስወጥረው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ላብ የጠጣ መጠቅለያ ቶሎ ቀይር፣ ክር የሚያልፍባቸው ትንንሽ ፕላስቲኮች ሲሰነጠቁም አትለፋቸው፣ አዲሱን ክር የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። አንዱ ክር ከተበጠሰ ደግሞ የቀሩትን እዚያው ከመሀል ጀምረህ ቁረጣቸው፣ ውጥረቱ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ ፍሬሙን ይጎትተዋል።

በመጨረሻ የያዝኩት ብሌድ 18 በ20 ነው፣ 24 ኪሎ ላይ። ስትልክ ኪሎውን ወረቀት ላይ ጽፈህ እጀታው ላይ ለጥፍ። ባለፈው ሳልጽፍ ልኬ እንደ ጣውላ ጠጥሮ ነው የመጣልኝ።