«እንክብካቤ ለልጅ እድገት» የምክር ካርድ፦ መከራ ላየ ሕፃንና ለአሳዳጊው ምን ያህል ይጠቅማል?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ አዘጋጅተው በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት «እንክብካቤ ለልጅ እድገት» የተሰኘ የሥልጠናና የምክር ጥቅል በጤና ተቋም፣ በቤት ለቤት ጉብኝትና በሕፃናት ማቆያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የታሰበ ነው። በውስጡ የሠልጣኝ መመሪያ፣ የአሠልጣኝ ማስታወሻ፣ የክሊኒክ ልምምድ መምሪያ፣ የክትትልና ግምገማ ማዕቀፍ፣ እንዲሁም ባለሙያው ከቤተሰብ ጋር ሲነጋገር በእጁ የሚይዘው የምክር ካርድ ይገኛሉ። ጥቅሉን ከድርጅቶቹ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። እኔ እዚህ በዋናነት የምመለከተው ካርዱን ነው፤ የምመዝነውም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ገና በጨቅላነቱ ረሃብን፣ መፈናቀልን ወይም ከወላጅ መለየትን ላየ ልጅ፣ ያንኑ መከራ አብሮት ለተሸከመ አሳዳጊም ካርዱ ምን ያህል ይጠቅማል?

ካርዱ የልጅን ዕድሜ ከውልደት ጀምሮ በ6 ክፍሎች ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱም ክፍል አጭር የጨዋታና የመግባቢያ ምክር ይሰጣል። ለአራስ ልጅ የሚመክረው ዓይኑን እያዩ ማነጋገርን፣ መዳበስንና ገላ ለገላ አቅፎ መያዝን ነው፤ ለዚህም ጡት የሚጠባበትን ሰዓት ጥሩ አጋጣሚ ያደርገዋል። እስከ 6 ወር ድረስ ደማቅ ቀለም ያለው ነገር በዝግታ እያንቀሳቀሱ እንዲያየውና እንዲዘረጋለት ማድረግ፣ የሚያሰማውንም ድምፅ መልሶ ማሰማት ይመጣል። ከ6 እስከ 9 ወር ያለው ልጅ ንጹሕና ጉዳት የማያደርስ የቤት ዕቃ ተሰጥቶት ይጨብጣል፣ ያንኳኳል፣ ይጥላል። ከ9 እስከ 12 ወር የሚወደው ነገር በጨርቅ ይሸፈንና እንዲፈልገው ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ዕቃ መደራረብ፣ ከዕቃ ውስጥ መክተትና ማውጣት፣ ቀላል ጥያቄ መጠየቅ ይከተላል፤ ከ2 ዓመት በላይ ደግሞ መቁጠር፣ ማነጻጸር፣ ተረትና ዘፈን።

ይህን ያህል ጥቂት መሆኑ ለእኔ የካርዱ ትልቁ ብልህነት ነው። በመጠለያ ጣቢያ የምትኖርና ስለ ዕለት ራሽን የምትጨነቅ እናት አሥር መልእክት ሰምታ ወደ ቤቷ ይዛ የምትመለሰው ምናልባት አንዱንም ላይሆን ይችላል፤ አንድ ጨዋታ ግን ይዛ ትሄዳለች። ካርዱ መጫወቻ የሌላቸውን ቤተሰቦች አስቀድሞ አስቦ በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ እንዲጠቀሙ ይመክራል፤ ጣሳና ማንኪያ፣ ኩባያዎች፣ ጥቂት ጠጠር የተከተተበት ባዶ ሃይላንድ ይበቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር እወዳለሁ፤ ክዳኑ በደንብ ካልታሰረ ጠጠሩ ወደ ሕፃኑ አፍ መግባቱ አይቀርምና ባለሙያው ይህን በቃሉ መናገር ብቻ ሳይሆን በእጁ ጎትቶ ሊያረጋግጥ ይገባል።

ካርዱን ከተለመደው የጤና ትምህርት የሚለየው አሠራሩ ነው። ባለሙያው ገና ምክር ሳይሰጥ ይጠይቃል፤ ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፣ እንዴት እንደሚያነጋግሩት፣ እንዴት ፈገግ እንደሚያሰኙት። ይህን እያደረገ አሳዳጊዋ የልጁን እንቅስቃሴ እንዴት እንደምትከታተል፣ ሲያለቅስ እንዴት እንደምታባብለው፣ ሲያጠፋም እንዴት እንደምታርመው በዓይኑ ያያል። ቀጥሎ መልካም ያደረገችውን ለይቶ ያመሰግናታል፤ ከዚያም አንድ ጨዋታ እዚያው ፊቱ እንድትሞክር ያደርጋል። ልጁን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ማጫወት የለበትም። ብዙ ባለሙያዎች በቅንነት የሚስቱት ይህንን ነው፤ ልጁ በባለሙያው ሲስቅ እናቲቱ የምትማረው ሌላ ሰው ከእርሷ እንደሚሻል ብቻ ሲሆን፣ በእርሷ ሲስቅ ግን ቤቷን፣ ከብቷን፣ ምናልባትም ባሏን ያጣች ሴት ለልጇ አሁንም የምትበቃ መሆኗን በራሷ ዓይን ታያለች። በብዙ ተቋም ደጃፍ ተግሣጽ እንጂ ምስጋና ሰምታ ለማታውቅ አሳዳጊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን በእኛ አገር እንደተጻፈው ሲጠየቅ ይሰናከላል። አንዲት አያት «እማማ፣ ከልጁ ጋር እንዴት ይጫወታሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «ጨዋታ የልጅ ነው፤ እኔ ምኔ ይጫወታል?» ብለው ቢመልሱ አይፈረድባቸውም። እኒሁ ሴት ግን ልጁን እሹሩሩ ሲሉት፣ አዝለውት ቡና ሲቆሉ፣ ስሙን ሲያቆላምጡ ይውላሉ። ስለዚህ «እንዴት ያስቁታል?» ከሚለው መጀመር የተሻለ ነው፤ ይህም ከካርዱ ጥያቄዎች መንፈስ አይወጣም፣ ለመልሱም አያፍሩም።

በካርዱ ላይ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይበልጥ የቀረበው ክፍል እናት ወይም አባት ልጁን ለሌላ ሰው ትተው ለመሄድ ሲገደዱ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ምክሩ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ልጁን በቋሚነት የሚይዝ፣ ፍቅርና ትኩረት የሚሰጥ አንድ ሰው መለየት፣ ልጁ ከዚያ ሰው ጋር ቀስ በቀስ እንዲላመድ ማድረግ፣ ወላጆቹም በሚችሉበት ጊዜ ሁሉ ከልጁ ጋር እንዲሆኑ ማበረታታት። ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ብዙ እናቶች ልጃቸውን ለአያት ወይም ለእህት ይተዋሉ፤ ልጁ እንዳያለቅስ ተብሎም እናቲቱ ተኝቶ ሳለ ተነሥታ የምትሄድበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጁ ሲነቃ የሚያጣት ያለ ስንብት ነው፤ ከዚያ በኋላም እንቅልፍን ራሱን ሊፈራ ይችላል። ከጉዞው በፊት ያሉት የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ሳምንታት አያቲቱ ልጁን ማብላትና ማስተኛት የሚጀምሩባቸው ቢሆኑ መለየቱ ባይቀርም ይለዝባል። በስልክ የምትታየው እናት ደግሞ ከሩቅም ቢሆን ስሙን መጥራት፣ ድምፁን መልሳ ማሰማት ትችላለች፤ ይህ በካርዱ ላይ የለም፤ በሚቀጥለው እትም ቢታከልበት እመኛለሁ።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የካርዱ ጠቀሜታ በግልጽ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ሕፃናት ሕክምና ካወጣቸው 10 እርምጃዎች 9ኛው ስሜትን ማነቃቃትና ፍቅራዊ ድጋፍ ሲሆን፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታቀደ ጨዋታ እንዲኖር ይጠይቃል። ወተቱ በሰዓቱ የሚለካበት ክፍል ሁሉ ጨዋታውንም በሰዓቱ ይሰጣል ማለት ግን አይቻልም። ነርሷ ካርዱ በእጇ ካለ ለእናቲቱ የምታሳያት ነገር አታጣም፤ በጅማ የተካሄዱ ጥናቶችም ጨዋታን ከዚህ ሕክምና ጋር ማቀናጀትን ፈትሸዋል። ሆኖም ካርዱን በዕድሜ ብቻ ማንበብ አይገባም። በረሃብ የከረመ የ2 ዓመት ልጅ የ9 ወር ሕፃን የሚያደርገውን እንኳ ላይሞክር ስለሚችል፣ ከሚችለው ተጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል፤ አለዚያ ልጁ የወደቀበት ፈተና ለእናቲቱ ሌላ ሐዘን ይሆናል።

ስለ ጥቅሉ ውጤታማነት የተሟላ ማስረጃ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተካሄደው ነው። ተመራማሪዋ አይሻ ዩሳፍዛይና ባልደረቦቿ ከ1,489 ሕፃናትና እናቶቻቸው ጋር ሠርተው ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ምክሩን ያደረሱትም ከእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር የሚመሳሰል ሥራ ያላቸው የመንደር ጤና ሠራተኞች ነበሩ። ምክሩን ያገኙት ልጆች በ2 ዓመታቸው በአእምሮ፣ በቋንቋና በእንቅስቃሴ እድገት ካላገኙት በልጠው ተገኝተዋል። እዚያ የሠራው ግን በየወሩ የቀጠለ ጉብኝትና የእናቶች ስብስብ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም፤ ለአንድ ቀን ብቻ የታየ ካርድ ይህን ውጤት ያመጣል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ። አሳዳጊዋ በጭንቀትና በሸክም ብዛት ከልጁ ጋር መጫወት ሲያቅታት ካርዱ የሚለው ስሜቷን ማዳመጥን፣ የምታዋየው ሰው እንድታገኝ መርዳትን፣ በቀላል ተግባር በራስ መተማመኗን መገንባትንና ወደ አካባቢው አገልግሎት መላክን ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለጦርነት ተፈናቃይ ወይም ለተደፈረች እናት ግን እጅግ ቀጭን ነው፤ የሚላኩበት አገልግሎት በሌለበት ወረዳ ደግሞ የመጨረሻው ምክር ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ካርዱን የሚያሠራጭ ተቋም የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ ከወሊድ በፊትና በኋላ ድባቴ ለያዛቸው እናቶች የተዘጋጀውን የምክር መመሪያ አብሮ ሊይዝ ይገባል። ይህም በአቲፍ ራህማን መሪነት በፓኪስታን ገጠር ከተሠራ ጥናት የተገኘ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ድባቴ ከነበረባቸው እናቶች መካከል ለዚህ ምክር በሠለጠኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች ከተጎበኙት፣ ከወለዱ 6 ወር በኋላ በድባቴ ውስጥ የነበሩት 23 በመቶ ሲሆኑ በንጽጽሩ ቡድን 53 በመቶ ነበሩ። የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት የሚሠራ ሕክምና መኖሩ ተስፋዬን ያጠነክረዋል።

ሌላም የማይነካው ነገር አለ። ካርዱ ልጁ ሲጠሩት ዞር እንደሚል፣ ሲያቅፉት እንደሚጽናና አድርጎ ያስባል። ብዙ እጅ የተቀያየረበት ልጅ ግን ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ወደ ማንም ሳይሄድ ይቀራል፣ ወይም ሊያቅፈው የቀረበውን ሰው ይገፋል፤ አዲሷ አሳዳጊም «አይወደኝም» ብላ ትርቃለች። በአሜሪካ ሜሪ ዶዚየር የቀረጸችውና በቤት ውስጥ በ10 ጉብኝቶች የሚሰጠው አገልግሎት በትክክል ይህን ይዞ ይነሣል፤ ልጁ የማይፈልግ መስሎ ሲታይም እንኳ አሳዳጊው ማባበሉን እንዲቀጥል ያሠለጥናል። በማሳደጊያና በአደራ ቤተሰብ የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን ይህን አንድ ሐሳብ ብቻ ወስደው ከካርዱ ጋር ቢያያይዙት ብዙ ልጆች ከተቀበላቸው ቤተሰብ ዳግም ከመመለስ ይተርፋሉ ብዬ አስባለሁ።

በልጁ ላይ የሚጨክን አሳዳጊ ሲያጋጥም የሚሰጠው ምክር በመጠኑ ይበቃል፤ መልካም ሲያደርግ ማመስገን፣ ለምን እንዳዘነ ወይም እንደተቆጣ መረዳት፣ «አታድርግ» ከማለት ይልቅ ሌላ የሚያደርገውን ማስመረጥ ይላል። ቁንጥጫና የበርበሬ ጭስ እንደ ሥርዓት ማስያዣ በሚታይበት ቤት ግን ባለሙያው ከካርዱ በላይ ድፍረትና ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የልጁ አካል ተጎድቶ ከሆነም የሕፃናት ጥበቃ ጉዳይ እንጂ የምክር ጉዳይ አይደለም።

ካርዱን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ተኝተው በሚታከሙበት የማረጋጊያ ማዕከል ለሚሠሩ ነርሶችና በመጠለያ ላሉ ማኅበራዊ ሠራተኞች ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሥልጠናው ግን በአዳራሽ ብቻ ተሰጥቶ ማለቅ የለበትም፤ የልምምድ መምሪያው እንደሚጠይቀው እውነተኛ ልጅና አሳዳጊ ፊት መሠራት አለበት። ሥዕሎቹ በአካባቢው አለባበስና ዕቃ ተተክተው፣ ጽሑፉ በሚነገረው ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ቢታተም ዕድሜው ይረዝማል። አሳትሞ ለማሠራጨት የሚያስብ ድርጅት ካለም ከኅትመቱ በጀት በፊት የጉብኝቱን የትራንስፖርት ወጪ ቢይዝ ይሻላል፤ ባለሙያዋ በወሩ ተመልሳ ጨዋታው እንዴት እንደሄደ ካልጠየቀች ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራልና።