ሲጋራን በቬፕ ለመተው፦ ሦስት ዓይነት ገዝቼ ያየሁት

ሲጋራ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ ኒያላ በፍሬ እየገዛሁ ነው። ለንደን ስመጣ በፍሬ የሚሸጥ የለም። በፓኮ ሆነ። የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። መስመሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ የማገኛት ትንሽ እረፍት የሲጋራዬ ሰዓት ነበረች። ዝናብም ይሁን በረዶ ወርጄ አጨሳለሁ። እንዲህ እያልኩ 23 ዓመት ሄደ።

እንድተው የገፋፋኝ ሐኪም አይደለም። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆሙ እናት ነጠላቸውን ቀስ አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ አየሁ። ምንም አላሉኝም። የእኔ ነጠላ ከሌሊት ጀምሮ ታጥቦ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ነበር። ሽታው ከእኔው ከራሴ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ቤት እስክደርስ ቀና ማለት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓይነት ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ገዝቻለሁ። ሁለቱ ለእኔ አልሆኑም። ሦስተኛዋ ከሲጋራ አላቀቀችኝ፤ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ። ለመተው የምታስቡ ካላችሁ እኔ ያባከንኩትን ገንዘብና ወራት እንዳታባክኑ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓመቱን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

የመጀመሪያዋን የገዛሁት 2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ሰፈሬ ካለ የቬፕ ሱቅ ገባሁና "ሲጋራ መተው እፈልጋለሁ" አልኩ። ሻጩ ልጅ ትሁት ነው። የምወደውን ፍራፍሬ ጠየቀኝ። በቀን ስንት እንደማጨስ ግን አልጠየቀኝም። በመጨረሻ በእጅ ሞልታ የምትያዝ፣ ቁልፍና ስክሪን ያላት ትልቅ ዕቃ 55 ፓውንድ ከፍዬ ወጣሁ። ፈሳሹ የማንጎ ነው። የኒኮቲኑ መጠን በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ይላል። "ትንሽ ከሆነ ጥሩ ነው" ብዬ ደስ አለኝ።

ጥሩ አልነበረም። ስስበው ቤቱ ዕጣን የታጠነ ያህል ተሞላ። ሳሉ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ምንም ያህል ብስብ ሲጋራ፣ ሲጋራ ማለቴን አለመተዌ ነው። በዘጠነኛው ቀን ፓኮ ገዛሁ። ጥፋቱ የእኔ የፈቃድ ማነስ መስሎኝ ብዙ አዘንኩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነዚያ ትልልቆቹ የተሠሩት እንፋሎቱን በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስብ ሰው ነው። እንፋሎቱ ብዙ ስለሆነ ፈሳሹ ቀላል ኒኮቲን ነው የሚይዘው። ሲጋራ አጫሽ ግን እንደዚያ አይስብም። መጀመሪያ አፉ ውስጥ ይይዝና ከዚያ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ስለዚህ ከሲጋራ ለሚመጣ ሰው አየሩ ጠበብ ያለ፣ እንፋሎቱ ትንሽ፣ ኒኮቲኑ ግን የሚበቃው ዕቃ ነው የሚስማማው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፌ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

ሁለተኛዋ ተጠቅመው የሚጥሏት፣ በየሱቁ ትሸጥ የነበረችው ቀለማም ዘንግ ናት። እውነቱን ልናገር፤ ከመጀመሪያዋ በብዙ ትሻል ነበር። ቁልፍ የላትም። አፍ ላይ አድርጎ መሳብ ብቻ ነው። ኒኮቲኗ 20 ነበር፣ በብሪታንያ ሕግ የሚፈቀደው ጣሪያ ማለት ነው። በቀን ከ20 ሲጋራ ወደ አምስትና ስድስት ወረድኩ። ግን ጣዕሟ የልጆች ከረሜላ ነው። በየሁለት ቀኑ ወደ 6 ፓውንድ ትወስዳለች። ደህና ባትሪ ያለበትን ዕቃ በየሁለት ቀኑ ቆሻሻ ውስጥ መጣልም ከበደኝ። ለማንኛውም ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመላው ብሪታንያ መሸጧ ተከልክሏል። ከጠረጴዛ ሥር አውጥቶ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ። ይህችን ያገኘኋት በሱቅ በኩል አይደለም። መንደራችን ያለ ፋርማሲ በር ላይ ሲጋራ ለሚተዉ ሰዎች ነፃ አገልግሎት እንዳለ የሚናገር ወረቀት አይቼ ገባሁ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ አገልግሎት በየአካባቢው አለ። ብዙ ወገኖቻችን ግን አያውቁትም። አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ተቀበለችኝ። ከፊቷ ቁጭ እንዳልኩ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ "ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሳ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው የምትለኩሳት?"

"ፊቴን ሳልታጠብ" አልኳት።

ሱሱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚለኩት በዚህ ነው አለችኝ። በተነሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሰውነቱ ሌሊቱን ሙሉ ኒኮቲን ሲጠብቅ ነው ያደረው። እንዲህ ላለ ሰው 3 ሚሊ ግራም መስጠት የተራበን ሰው በውኃ እንደማባበል ነው። ከዚያ በትንሽ መሣሪያ ውስጥ አስነፈሰችኝ። በትንፋሼ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ ነው። 24 አለ። ለማያጨስ ሰው ከ10 በታች መሆን አለበት። ቁጥሩን ሳየው በየቀኑ የማልፍበት የከተማው ጭስ ነው ብዬ ልከራከር ዳዳኝ። አልተከራከርኩም።

የሰጠችኝ ቫፖሬሶ ኤክስሮስ 3 ሚኒ የምትባል ትንሽ ፖድ ናት፤ ፈሳሽ መያዣዋ ተነቅሎ የሚቀየር ቬፕ ማለት ነው፣ መያዣውም ራሱ ፖድ ይባላል። መንግሥት በ2023 ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ነፃ ቬፕ ለመስጠት ያወጣው ዕቅድ ነበርና እኔም የደረሰኝ በዚያ በኩል ነው። በኋላ ለባልደረባዬ ስገዛለት 13 ፓውንድ ከፈልኩ።

ለጀማሪ የወደድኩላት ነገር ምንም የሚነካካ ነገር የሌላት መሆኑ ነው። ቁልፍ የለም፤ ሲስቧት ራሷ ትሠራለች። ዋት ማስተካከል፣ ስክሪን ማንበብ የለም። ባትሪዋ 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ፈረቃዬን ጨርሼ ቤት እስክገባ ትበቃኛለች። ቻርጅ የማደርጋት በስልኬ ገመድ ነው። ከላይ ከፍቶ ፈሳሽ መሙላት ብቻ ነው ሥራዋ። ፈሳሽ መያዣዋ 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህም የሕጉ ጣሪያ ስለሆነ የሌላ ድርጅት ብትገዙም ያው ነው። ኮይሉ፣ ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ከፖዱ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ሲያረጅ ፖዱን አውልቆ ሌላ መሰካት ነው። ፖድ ስትገዙ ኦሙን፣ ማለትም የኮይሉን የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን፣ ተመልከቱ። ኦሙ ከፍ ሲል እንፋሎቱ ይቀንሳል፣ አሳሳቡም ወደ ሲጋራ ይቀርባል። እኔ 1.0 ነው የምጠቀመው።

ፈሳሹን በተመለከተ "ኒኮቲን ሶልት" የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። በተለመደው ፈሳሽ 20 ሚሊ ግራም ጉሮሮን ይቧጥጣል። ሶልቱ ግን ለስለስ ይላል፣ ቶሎም ያረካል። ጣዕሙን መጀመሪያ የትምባሆ ወሰድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ናና ቀየርኩ። የትምባሆው ጣዕም ሲጋራውን እያስታወሰኝ ስለተቸገርኩ ነው። የባልደረባዬ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያለ ትምባሆ ጣዕም አልሆነለትም። በዚህ ላይ ራሳችሁን ስሙ።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ስህተት ሠራሁ። ሞላሁና ወዲያው ሳብኩ። የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም አፌን ሞላው። ፖዱ ተበላሸ። ለካ ውስጡ ያለው ጥጥ ፈሳሹን እስኪጠጣ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። አሳሳቡም እንደ ሲጋራ ጠንከርና ፈጠን አይደለም። ለስለስ አድርጎ፣ ሦስት አራት ሰከንድ ወስዶ ነው። ይህን ሳያውቁ "ያስለኛል" ብለው የወረወሩ ሰዎች አውቃለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ ቡና አፈላች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ጠጣሁ፣ እንደወትሮዬ። ከዚያ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ነጋ። ያው ቬፑ ነው ብዬ ልተወው ወሰንኩ።

ለሴትዮዋ ስነግራት የጠየቀችኝ ስለ ቡናው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ነገሮች ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ነው፤ ኒኮቲኑ አይደለም። ጭሱን ስታቆሙ ጉበቱ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ያኔ ያው የለመዳችሁት ሦስት ስኒ በሰውነታችሁ ውስጥ ብዙ ይቆያል፣ ብዙ የጠጣችሁ ያህልም ይሆናል። እኔ ወደ አቦል ብቻ ወረድኩ፤ ልቤም ተረጋጋ። ይህን ለእኛ ሰው ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው። የእኛ ቤት ቡና የፈረንጅ ቡና አይደለም። ሲጋራ ስትተዉ ልብ ምታችሁ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ስኒውን ቁጠሩ። ካልተሻላችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አሁን ስለ ጉድለቷ። ሲጋራ መጨረሻ አለው። ታጨሱታላችሁ፣ ትተረኩሱታላችሁ፣ አለቀ። ቬፕ መጨረሻ የለውም። ቴሌቪዥን እያየሁ ሳላስበው ሰዓት ሙሉ ስስብ ራሴን አግኝቻለሁ። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፦ ቤት ውስጥ በረንዳ ላይ ብቻ፣ መኝታ ቤት በፍጹም። ሥራ ቦታ ድሮ አጨስበት በነበረው ሰዓት ብቻ። አውቶቡስ ውስጥ ቀድሞም አይፈቀድም። ይህ ደንብ ባይኖር ከአንድ ሱስ ወደ ሌላ ሱስ ነበር የምሻገረው።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ሲጋራ ለመተው አገልግሎቱ ዘንድ የመጡ 886 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ገሚሱን ቬፕ፣ ገሚሱን እንደ ፕላስተርና ማስቲካ ያሉ የኒኮቲን ምትኮች ሰጧቸው። ከዓመት በኋላ ከቬፖቹ 18 ከመቶው፣ ከሌሎቹ 9.9 ከመቶው ሲጋራ ትተዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን በቬፕ ከተዉት ውስጥ 80 ከመቶው ዓመት ሲሞላም ቬፕ ላይ ነበሩ። ሁለቱንም ቁጥር እወቁ። እኔም በ20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ጀምሬ በስድስት ወር ወደ 10፣ ከዓመት በኋላ ወደ 5 ወረድኩ። ስወርድ አልቸኮልኩም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ልቤ ሲጋራ ሲያምረው ተመልሼ ወጥቻለሁ።

ገንዘቡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ድሮ በሳምንት ወደ 100 ፓውንድ አጨስ ነበር። አሁን ፈሳሹም ፖዱም ተደምሮ 10 አይሞላም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በየ10 ሚሊ ሊትሩ 2.20 ፓውንድ ቀረጥ ስለሚጨመር ትንሽ ይወደዳል፤ ያም ሆኖ ከፓኮ ጋር አይወዳደርም።

የማያጨስ ሰው ግን ይህን ነገር አይንካ። በተለይ ልጆቻችን። ቬፕ ውስጥ የሚነድ ነገር ስለሌለ ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለበትም፤ ከሲጋራ የሚሻለው በዚህ ነው። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ኒኮቲኑ ያው ሱስ ያስይዛል። ፈሳሹንም ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፤ ቢጠጡት መርዝ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ወደ አገር ቤት ለምትሄዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ በ2025 ጥር ላይ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ስሄድ ቬፑን ለንደን ትቼ የኒኮቲን ፕላስተር ክንዴ ላይ ለጠፍኩ፣ የኒኮቲን ማስቲካም ያዝኩ። ከመሄዴ በፊት ሴትዮዋ ዘንድ ብቅ ብዬ እንደገና አስነፈሰችኝ። 2 አለ።

በሠርጉ ማግስት ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ስድስት ኪሎ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ሁሉም ያጨሳሉ። ማስቲካዬን ሆቴል ረስቼዋለሁ። ወዲያው አንድ ሱቅ በደረቴ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ያው ኒያላው አለ፣ በፍሬ፣ ልክ እንደ ድሮው ተደርድሮ። ልጁ ፊቴን አይቶ "አንድ ላውጣልዎት ጋሼ?" አለኝ። ከኒያላው ጎን የናና ማስቲካ ነበረው። እሱን ገዛሁት።