ፖርሽ ካየን ተርቦ (2003–2006)፦ ሲገዛ መታየት ያለበት

የመጀመሪያው ካየን ተርቦ ባዶውን 2,355 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መኪናው የሚወደድበትም የሚጠላበትም ምክንያት ከዚህ ቁጥር ይመነጫል።

ሞተሩ 4.5 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ ሲሆን በየጎኑ አንድ አንድ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) አለው። 450 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው 620 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው፤ በደቂቃ ከ2,250 እስከ 4,750 የሞተር ዙር ድረስ ሳይቀንስ ይቆያል። ከዚያ በታች ግን ቤንዚን ቢረገጥም ለአፍታ ይለግምና ድንገት ይወረወራል። ኩርባ መሃል ላይ እንዲህ ማድረጉ ጥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ኩርባው ሳይደርስ ማርሹን በእጅ ቀንሶ ዙሩን ከ2,500 በላይ ማድረግ ይሻላል።

መሪው ለዚህ ክብደት እጅግ ትክክለኛ ነው። ከጉልበቱ 62 በመቶ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከኩርባ ሲወጣ ደስ በሚል ሁኔታ ይገፋል። በፍጥነት ከገቡበት ግን መጀመሪያ የሚሸነፉት የፊት ጎማዎች ናቸው፣ መኪናውም ወደ ውጭ ይሄዳል። ፍሬን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ተይዞ ማለቅ አለበት። የፊት ዲስኮቹ 350 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አንድ ጊዜ በኃይል ለማቆም ከበቂ በላይ ናቸው፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይግላሉና በማርሽ መያዝ ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ይቀየር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። አየር ማስገቢያው ስር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቱቦዎች አሉ፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ፕላስቲክ ናቸው። ሙቀቱ ለዓመታት ያደርቃቸውና አንድ ቀን ይሰነጠቃሉ። ውሃው በአንዴ ይፈሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ቀድሞ የሚታየው ምልክት ጣፋጭ ሽታና ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቦታ የሚንጠባጠብ ኩላንት ነው። መፍትሔው የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፤ ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋ መደራደር ይገባል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም እዚያው ስር ስለሆነ፣ አየር ማስገቢያው በተነሳበት አጋጣሚ እሱንም ማየት የሠራተኛ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ቤንዚን ሲሰጥ ከወለሉ ስር ድብ ድብ የሚል ድምፅ ካለ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ መሃሉ ላይ የያዘው ኩሽኔታ ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ተቀዷል ማለት ነው።

መኪናውን በአየር የሚሸከመውን የአየር ሞላ ለመፈተን መኪናውን አሳድሮ ጠዋት ከአራቱም ቸርኬ መሃል እስከ ከጎማው በላይ ያለው የአካል ጠርዝ ድረስ ያለውን ርቀት መለካት ነው። አንዱ ጥግ ዝቅ ካለ አየር እያመለጠ ነው፤ ችላ ከተባለ ፓምፑ ያለ እረፍት ሲሠራ ይቃጠላል።

ተርቦውን ለማየት የአየር ቱቦው ይፈታና ዘንጉ በጣት ይነካ። በጎን ትንሽ መነቃነቁ የተለመደ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ወይም ምላጮቹ ግድግዳውን ከፋቁ አልቋል። በካንዴላ ቀዳዳዎች ትንሽ ካሜራ አስገብቶ የሲሊንደር ግድግዳው መቧጨሩንም ማየት ግዴታ ነው።

ጎማ አራቱም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ይቀየሩ። በ255/55 R18 መጠን የጭነት ቁጥሩ 109 ያለው አንዱ ጎማ 1,030 ኪሎ ይሸከማል፤ ከዚያ ያነሰ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ለዚህ መኪና አይገዛም።