ስታር ሲቲዝን፣ ኢሊት ዴንጀረስ ወይስ ኖ ማንስ ስካይ? ከመክፈላችሁ በፊት

የጠፈር ጌም የሚወድ ሰው አንድ ቀን እዚህ ክርክር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ስታር ሲቲዝን ይገዛ ወይስ ይቅር? አንዱ "ከ2012 ጀምሮ ገንዘብ እየሰበሰቡ አሁንም አልፋ (ያላለቀ የሙከራ ስሪት) ላይ ናቸው፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው" ይላል። ሌላው "እንዲህ ዓይነት ጌም የሞከረ የለም፣ ጊዜ ስጧቸው" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ገና ያልገዛ ሰው ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ዛሬ ብከፍል ዛሬ ማታ ምን እጫወታለሁ? ሦስቱን ጌሞች የማወዳድረው በዚህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታር ሲቲዝን

ዊንግ ኮማንደር የተባለው የቆየ የጠፈር ጌም ፈጣሪ ክሪስ ሮበርትስ ጌሙን በ2012 ሲያስተዋውቅ በኪክስታርተር (ሕዝብ ለፕሮጀክት ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ) ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣለት። የታሰበው በ2014 ሊወጣ ነበር። ገንዘቡ ሲጨምር ግን ዕቅዱም አብሮ አደገ። ኩባንያው ክላውድ ኢምፔሪየም በራሱ ድረ ገጽ የጌሙን መንኮራኩሮች መሸጡን ቀጠለ፤ በ2022 ድምሩ 500 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 700 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ብቻችሁን የምትጫወቱት ክፍል፣ ስኳድሮን 42፣ አንድ ጊዜ ለ2016 ተባለ። ከዚያ ተገፋ፣ ተገፋ፤ በ2024 ለ2026 አዲስ ቀጠሮ ተያዘለት።

ለምን ዘገየ? ትልቁ ምክንያት ቴክኖሎጂው ነው። የጌሙ ሞተር (ጌሙ የተገነባበት ሶፍትዌር) መጀመሪያ የተሠራው ለትንንሽ ካርታዎች ነው። እነሱ ደግሞ ሙሉ ፕላኔት፣ በመሃሉ የመጫኛ ስክሪን የሌለበት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ሰው የሚገናኝበት ዓለም ፈለጉ። አንዱን ዓለም ብዙ ሰርቨሮች ተከፋፍለው እንዲሸከሙት የሚያደርገው አሠራር ለተጫዋቾች የደረሰው በ2024 መጨረሻ ነው፣ በአልፋ 4.0። ፓይሮ የተባለው ሁለተኛው የከዋክብት ሥርዓትም አብሮት ገባ። በመዋጮው ጊዜ ግን የተወራው ስለ 100 ሥርዓቶች ነበር።

ሆኖም የሚሠራው ሲሠራ አቻ የለውም። አልጋችሁ ላይ ትነቃላችሁ። በአሳንሰር ወርዳችሁ ባቡር ትሳፈራላችሁ። የጠፈር ወደቡ ስትደርሱ ከማሳያው ላይ መንኮራኩራችሁን ትጠራላችሁ፣ መሰላሉን ወጥታችሁ ወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ። የጣሪያው በር ይከፈታል፣ ከተማው ከሥራችሁ እየራቀ ሰማዩ እየጠቆረ ይሄዳል። ምንም ነገር አይቆራረጥም። ይህን ያየ ሰው ለምን እንደሚከራከርለት ይገባኛል።

ከዚያ ደግሞ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ አውጥታችሁ ጭነት ሞልታችሁ መንገድ ላይ ሳላችሁ ሰርቨሩ ይወድቃል። የስህተቱ ቁጥር 30000 ስለነበር ተጫዋቾች "ሠላሳ ኬ" ይሉታል። አሳንሰር የማይመጣበት፣ ተልዕኮ ጀምራችሁ የማይጨረስበት ቀንም አለ። አልፋ ማለት ይኸው ነው።

"ማጭበርበር ነው" የሚለውን ግን አልቀበልም። ኩባንያው ሒሳቡን በየዓመቱ ያወጣል፣ ጌሙም በየጊዜው ይታደሳል። የእኔ ቅሬታ አሻሻጡ ላይ ነው። ገና በሥዕል ደረጃ ያሉ መንኮራኩሮች በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣሉ፤ በ2021 የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ይህን ለገዢ ግልጽ እንዲያደርጉ አሳስቧቸዋል። በ2018 ከሞላ ጎደል ሁሉንም መንኮራኩሮች ጠቅልሎ የያዘ የ27,000 ዶላር ጥቅል ሲሸጥ ታይቷል። ብዙ የከፈለ ሰው ደግሞ ምክር ሲሰጥ ልቡ ወደ ከፈለው ነገር ማዘንበሉ አይቀርም። ስለዚህ ምክር ስትጠይቁ በትንሹ ጥቅል የሚጫወተውን ጠይቁ።

ኢሊት ዴንጀረስ

ይህ ጌም ለክርክሩ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ እሱም በ2012 መጨረሻ በኪክስታርተር ነው የጀመረው። የዴቪድ ብራበን ኩባንያ ፍሮንቲየር ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰብስቦ በዲሴምበር 2014 ለገበያ አወጣው። በሁለት ዓመት ገደማ ጌም ማውጣት ይቻል ነበር ማለት ነው። ግን የወጣው ጌም ጠበብ ያለ ነበር፤ የተቀረውን ቀስ በቀስ ጨመሩበት። የተሰበረ ቃልም አለው። ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል ተብሎ ነበር፣ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ቀረ። በእግር መሄድን ያመጣው ማስፋፊያ፣ ኦዲሲ፣ በ2021 ብልሽት ተሞልቶ ወጥቶ ብራበን ራሱ ይቅርታ ጠይቋል። በ2022 ደግሞ ለኮንሶል (ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ) አዲስ ነገር መሥራት አቆሙ። ስለዚህ ለኮንሶል አትግዙት።

በኮምፒውተር ግን ማብረር ለሚወድ ሰው ምርጫዬ ይኸ ነው። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ በሙሉ መጠኑ አለ፣ 400 ቢሊዮን የኮከብ ሥርዓት። የሚሽከረከር ጣቢያ ላይ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ በጠባቧ በር ስትገቡ እጃችሁ ያልባል። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ብቸኝነቱም አይጣል ነው። መንኮራኩራችሁ ውስጥ ተነስታችሁ መንጎራደድም የለም።

ኖ ማንስ ስካይ

እሱ ከሕዝብ መዋጮ አልሰበሰበም። በ2016 ሲወጣ ግን የተወራለት ብዙ ነገር አልነበረውም፣ ቁጣውም ከባድ ነበር። ጌሙን የሠራው ኩባንያ፣ የሄሎ ጌምስ፣ ሰዎች ዝም ብለው ሠሩ። አብሮ መጫወት በ2018 በደንብ ገባ፣ ከዚያ ወዲህም አፕዴት በአፕዴት ላይ፣ ሁሉም በነጻ። አንዴ ከፍላችሁ አበቃ። ኮንሶል ላይ ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔትም ብቻችሁን መጫወት ትችላላችሁ። በረራው ቀለል ያለ ነው፤ ደስታው ቤት መሥራቱና አዲስ ፕላኔት መርገጡ ላይ ነው።

የትኛውን?

ኮንሶል ያለው ወይም ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ሰው ኖ ማንስ ስካይን ይግዛ፤ ሌላ አማራጭ የለም። መካከለኛ ኮምፒውተርና ትዕግስት ያለው ኢሊትን። ስታር ሲቲዝን ጠንካራ ኮምፒውተር፣ ኤስኤስዲና ብዙ ራም ይፈልጋል፤ 16 ጊጋ ይበቃል ቢባልም 32 ይሻላል።

ልባችሁ ስታር ሲቲዝን ላይ ከሆነ መጀመሪያ በነጻ የሚከፈትበትን ቀን ጠብቁ፤ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። በራሳችሁ ኮምፒውተር ሞክሩት። ከወደዳችሁት 45 ዶላር ገደማ የሆነውን መነሻ ጥቅል ግዙና እዚያው ላይ አቁሙ። ጌሙ ውስጥ ያሉትን አብዛኞቹን መንኮራኩሮች እየተጫወታችሁ በምታገኙት ገንዘብ ትገዛላችሁ። ካልተመቻችሁ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን መልሳችሁ ጠይቁ።